ማውንቴን ይዘን ጎጃምን ስንዞር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ማውንቴን (የተራራ ሳይክል) የምንነዳው ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበት፣ ገበያተኛ የሚመላለስበት፣ ምዕመን በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሊስም የሚሄድበት መንገድ ነው። ሌላ አገር ተራራ ላይ ለብስክሌት ብቻ ተብሎ መንገድ ይቆረጣል። ዝላዩም ኩርባውም ይሠራለታል። እዚህም ቢሠራ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን በሰው መንገድ ላይ እንግዶች ነን።

የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከሁለት ነገር ይመጣሉ። አንዱ ይህን እንግድነት መርሳት ነው። ሌላው ውድድር በሌለበት ቀን ሁሉ መወዳደር ነው። የቀሩት የጎማ፣ የፍሬንና የሆድ ጉዳዮች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ቀላል አይደሉም።

መንገዱን የራስ ማድረግ

ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላ በፍጥነት መምጣት ትልቁ ጥፋት ነው። የጤፍ ጆንያ የተጫነች አህያ ሳይክል አጠገቧ ሽው ሲልባት ትበረግጋለች። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ መጫኛው ይላላል። ባለቤቷ መንገድ ዳር አቁሞ እንደገና ይጭናል። ጆንያው ከተቀደደ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አፈር ላይ የፈሰሰ ጤፍ አይለቀምም። የዓመት ልፋቱን አፍስሳችሁበት "ይቅርታ" ብላችሁ ብትሄዱ ምን ይሉታል?

ከሩቅ ፍጥነት ቀንሱ። ደወል ካላችሁ ደውሉ። ከደወል የሚሻለው ግን ሰላምታ ነው። "እንዴት ዋላችሁ" እያለ የሚያልፍን ሰው ማንም አይጠላውም። ሽማግሌ ከሆኑ "አባባ፣ በግራዎ ልለፍ" በሉ። ቆም ብለው ያሳልፏችኋል፤ ብዙ ጊዜም መርቀው ነው የሚሸኟችሁ። የየከተማውን የገበያ ቀንም እወቁ። በዚያ ቀን ጠዋት ወደ ከተማው የሚገባው የእግር መንገድ ሁሉ በሰውና በከብት ይሞላል። ሌላ አቅጣጫ ምረጡ።

እርከን መዝለል ደስ ይላል። ግን እርከኑ ማን እንደሠራው አስቡት። የአካባቢው ሰው በበጋ ወጥቶ በጉልበቱ የሠራው ነው። ጎማ ደጋግሞ የመታው እርከን ጫፉ ይፈርሳል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያችን ክፍተት ያገኛታል፣ ያሰፋታል፣ አፈሩን ይዞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ገበሬው በማሳው ላይ ውኃ እንዲወርድበት የሚያወጣው ፈሰስም እንዲሁ ነው። ዳሩን ንዳችሁ ካለፋችሁ ውኃው አቅጣጫ ይቀይራል። ስለዚህ እርከን ላይ ስትደርሱ ውረዱ፣ ሳይክሉን አንሱ፣ ተሻገሩ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ አውድማ አለ። የተለቀለቀ መሬት ካያችሁ በላዩ አትለፉ። እህል የሚወቃበት ነው።

ቤተ ክርስቲያንም አለ። ሜዳው ሁሉ ተራቁቶ ሳለ ከሩቅ አረንጓዴ ጉብታ ከታያችሁ ብዙ ጊዜ የደብር ደን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው እዚያ ተርፏል። ጥላው ይጣራል፣ መንገዱም ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። ግን የቀብር ቦታ አለበት፣ የሚጸልይ ሰው አለበት። በሳይክል አይገባም። ወርዳችሁ በውጭ በኩል እየገፋችሁ ዙሩ። ዘጌ ላይም በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው መንገድ የምዕመንና የመነኩሴ መንገድ ነው። ሰው ስታዩ ወርዶ መቆም የእናንተ ፋንታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመውጣታችሁ በፊት ወደምትሄዱበት ቦታ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ይቅር።

ጎማን እንደ ከባድ መኪና መንፋት

ብዙ ልጆች ጎሚስታ ጋ ይሄዱና "ሙላልኝ" ይላሉ። ጎሚስታውም አይሱዙ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር ይሞላዋል። ጎማው ሲጫኑት ንቅንቅ አይልም። ልጁ ደስ ይለዋል። ከዚያ ጠጠር ላይ ሲወጣ የኋላው ጎማ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። የፊቱ ደግሞ በየድንጋዩ ይነጥራል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 2.2 ኢንች ስፋት ላለው ጎማ፣ ከመነዳሪ ከገባበት ከ26 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ይበቃል። የፊቱን ከኋላው ትንሽ ቀነስ አድርጉት። መለኪያ ያለው ፖምፓ መግዛት ከብዙ ጌጣጌጥ ይበልጣል።

ጎማችሁ ሲተነፍስ ከመነዳሪውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን እዩት። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ጎማው ላልቶ ድንጋይና ቸርኬ መካከል ተቀርጥፏል ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ እሾህ ነው። የግራር እሾህ ሲገባ ጉልህ ነው፤ ሲሰበር ግን ጫፉ ጎማው ውስጥ ይቀራል። ከውጭ አይታይም። አዲስ ከመነዳሪ ከመክተታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። አንድ ቦታ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋችኋል። ጫፏን በጥፍር ማውጣት ያስቸግራል፤ ከውጭ በኩል በሽቦ ግፏት። ይህን ሳያደርግ የቸኮለ ሰው ትንሽ እንደሄደ እንደገና ይቆማል። ማስቲሽና መለጠፊያ ደግሞ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይሁን። ገጠር ውስጥ ጎሚስታ የለም።

በእርጥብ ዋልካ መንዳት

የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ዝናብ ካባራ በኋላ ቶሎ ይጠነክራል። እነ ቢቸና ያሉበት ጥቁር አፈር ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሲርስ ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ ከሹካው ጋር ይጣበቃል፣ መጨረሻ ላይ ጎማው መዞር ያቆማል። በጉልበት ፔዳል ከረገጣችሁት ማርሽ ቀያሪው ይጠመዘዝና ራጂ (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ይገባል። መለዋወጫው እዚህ በቀላሉ አይገኝም። መንገዱም ይጎዳል። በእርጥቡ የቆረጣችሁት የጎማ ቦይ በበጋ እንደ ሲሚንቶ ይደርቅና የሰውና የአህያ እግር ይጠመዝዛል። በክረምት አስፋልትና ጠጠር መንገድ ይበቃናል። መስከረም ይጠባል፣ አደይም ይፈነዳል፣ መሬቱም ይደርቃል። መጠበቅ ነው።

ፍሬን ሳይለቁ ቁልቁል መውረድ

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይወረዳል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ፍሬን ጨብጦ ሳይለቅ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያቃጥለዋል። የቸርኬ ፍሬን ከሆነ ጎማው ሳይቀር ሊፈነዳ ይችላል። የዲስክ ከሆነ ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል።

የዚህ ስፖርት ታሪክ ራሱ ከዚህ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ከባድ ሳይክል እየያዙ ተራራ ይወርዱ ነበር። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ፍሬን ነበራቸው። በአንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግሪስ እየጨሰ ያልቅ ነበር። ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ፈትተው አዲስ ግሪስ ይሞሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እዚያ ቁልቁለት ላይ ያደረጉት ውድድርም "ሪፓክ" ተባለ፤ "እንደገና መሙላት" ማለት ነው። ዛሬ የምንነዳው ማውንቴን የተወለደው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ። ኩርባው ውስጥ ፍሬን አትጨብጡ። ሁለቱንም ተጠቀሙ። "የፊቱ ይገለብጣል" የሚለው ወሬ ብዙ ልጅ የኋላውን ብቻ እንዲጠቀም አድርጎታል። ዋናው የማቆም ኃይል ያለው ግን ፊት ነው። ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ መልሱ፣ በአንድ ጣት ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት። ካቦውንና ሸራውን ከመነሳታችሁ በፊት እዩ፤ ደጀን ላይ ቆሞ ማየት ድልድዩ ጋ ደርሶ ከመጸጸት ይሻላል።

የዓባይ በረሃ ሌላም ጣጣ አለው። አስፋልቱ በየቦታው ተንሸራቶ ተጣሟል። ከባድ መኪኖች በዝግታ ይወርዳሉ፣ ፍሬናቸውም ይግላል። ከመኪና ኋላ መንጠልጠል ጀግንነት አይደለም፤ እባካችሁ ተዉት። ሙቀቱም ከደጀኑ ጋር አይገናኝም። ሲወረድ ነፋሱ ያታልላል። ሲወጣ ነው በረሃው የሚታወቀው። ውኃችሁን ለመውጫው አስቀሩ። ወይም ከመውረዳችሁ በፊት የምትመለሱበትን መኪና ተስማሙ።

በየቀኑ መወዳደር

ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ባሕር ዳር ላይ ጥቂት ልጆች ሲሰበሰቡ መጨረሻው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ "ማን ቀደመ" ነው። ማክሰኞም፣ ሐሙስም፣ እሑድም። በስልካቸው ስትራቫ የሚባለው መተግበሪያ ሰዓት ይይዛል፣ ሁሉም የትናንቱን ለመስበር ይሮጣል። በወሩ መጨረሻ ማንም አልተሻሻለም፤ ሁሉም ደክሟል። ከዚያ "ተፈጥሮዬ አይደለም" ይሉና ይተዉታል።

አብዛኛው ግልቢያ እያወሩ የሚሄዱበት ፍጥነት ላይ ይሁን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አጥብቁ፤ ያን ቀን ግን የምር ይሁን። ደግሞ ሥራም ድካም ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ አስተናጋጅ፣ ብሎኬት ሲያነሳ የዋለ ልጅ፣ ለፈተና ሌሊቱን ያነጋ ተማሪ፣ እግሩ ትኩስ አይደለም። ያን ቀን ቀለል ያለ መንገድ ይዞ መመለስ ስንፍና ተደርጎ መታየት የለበትም። ጥር ላይ ሰርግ ይበዛል። ሌሊቱን ሲጨፍር ያደረ ሰው በማግስቱ ሪከርድ ልስበር ካለ የሚሰበረው ሌላ ነገር ነው።

ከፍታም አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ገደማ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። የከፍታ ተክሎቹን ጅብራና አስታ ማየት ስትጀምሩ ልባችሁ ቀድሟችሁ ይሮጣል። ሰዓታችሁን ዝጉት፣ ጃኬት ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ በረዶና መብረቅ ስለሚመጣ በጠዋት ውጡ።

ሆድንና ጾምን አለማስላት

ጎጃም በሶ እያለ በፋብሪካ ከረሜላ መጨናነቅ አያስፈልግም። በሶ በማር፣ ወይም በውኃ በጥብጦ በላስቲክ ጠርሙስ። ትንሽ ጨው ጣል ማድረግም ጥሩ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ከነዳችሁ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ከኃይል ሰጪ ምግብ የሚገኝ) ያስፈልጋል። ሳይርባችሁ ጀምሩ።

በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ግን ማሰብ አለበት። ከባዱን ልምምድ በጠዋት አድርጎ ከዚያ ለሰዓታት ሳይበሉ መቆየት ጡንቻውን ምንም አይጠቅመውም። ቀለል ያለውን በጠዋት፣ ከባዱን ከምግብ በኋላ ወደ ማታ አድርጉት። ጾሙን መተው አለባችሁ ከሚላችሁ አሰልጣኝ ጋር አልስማማም። ፕሮግራም ማዞር ይቻላል።

በውድድር ቀን አዲስ ምግብ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ጎማ አትሞክሩ። መስመሩን ከውድድሩ በፊት በእግር ሂዱበት። የኦሊምፒክ ዓይነቱ ውድድር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ጠባብ መንገድ ከመድረሱ በፊት ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ግን ከፍታ ላይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁሉን የጨረሰ ሰው አያገግምም።

ከግልቢያ በኋላ የሚሠሩ ጥፋቶች

ጭቃውን ጣና ዳር ገብቶ መታጠብ ልማድ ሆኗል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ቤት ታጠቡ።

ውሻ ሲያባርራችሁ አትሩጡ። ወርዳችሁ ሳይክሉን በመካከል አድርጉ፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። "ትንሽ ጭረት ናት" አትበሉ።

ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ጨለማ ቶሎ ይወድቃል። መብራት የሌለው ባጃጅ በዝቷል። የፊትና የኋላ መብራት ይኑራችሁ። ሄልሜትም ለተራራ ብቻ አይደለም፤ ከተማ ውስጥ የሚከፈት የመኪና በር አለ።

ሳይክሉን የእሑድ ዕቃ ማድረግ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ብዙ ሰው ሥራና ትምህርት ቤት የሚሄደው በሳይክል ነው። ውድ ማውንቴን ያለው ሰው ግን ሳሎን ውስጥ አቁሞት በባጃጅ ይሄዳል። እሑድ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር መዋል ሲገባው ቀኑን ሙሉ ይጠፋል። ሥራ መሄጃና መመለሻው ራሱ ልምምድ ነው። በሳምንቱ መካከል ከነዳችሁ እሑድ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ቤትም ሰላም ይሆናል።

ሳይክል የልጅ መጫወቻ ነው የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞችም ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በትልቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ሴት ልጅ እያደገች ስትመጣ ከሳይክል ማውረድም አለ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት "አሁን ትልቅ ሆነሻል፣ ነውር ነው" ትባላለች። ወንድሟ ግን ይቀጥላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የእናንተ ሳይክል ለእህታችሁ ከፍ ካለባት ኮርቻውን የሚይዘውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉት። ስትቀመጥ የእግሯ ጫፍ መሬት ይንካ። መጀመሪያ ፍሬኑን አሳዩዋት፣ ከዚያ ማርሹን፣ ከዚያ ልቀቋት።