ታኅሣሥ ላይ ለብቻ ቶሮንቶ፦ ብርዱን እያታለሉ ሁለት ቀን ማረፍ

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ወይም ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ስትመለሱ የካናዳዋ ቶሮንቶ ላይ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ይቻላል። አየር መንገዳችን እዚያ ድረስ ይበራል። በፈረንጆች ገና ሰሞን ግን ነገሩ ዘዴ ይፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ያለ ዘዴ ነው የሄድኩት። ወፍራሙ ጃኬቴ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሻንጣው ደግሞ እኔን ጥሎ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ከተማ ተልኳል። ቶሮንቶ በሹራብ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። አሁን ቀኑን የማቅደው የት ሄጄ ምን እንደማይ ብቻ ሳይሆን የት የት እንደምሞቅም እያሰብኩ ነው።

1. ቲኬትና ቪዛ

ቲኬቱን ስትቆርጡ "መልቲ ሲቲ" (ከአንድ በላይ ከተማ) የሚለውን ምረጡ። ቆይታችሁ ከ24 ሰዓት ካለፈ እንደ ትራንዚት ሳይሆን እንደ እረፍት ስለሚቆጠር ዋጋው ሊለወጥ ይችላል። ሁለቱንም አወዳድሩ።

ቪዛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ፣ ከ48 ሰዓት በታች ለሚያልፍ መንገደኛ የሚሰጠው የትራንዚት ቪዛ ነፃ ነው። እሱ ግን ለማለፍ እንጂ ከተማ ለማየት አይደለም። ለአንድ ቀንም ቢሆን ልትጎበኙ ካሰባችሁ የጎብኚ ቪዛ ነው የምትጠይቁት። ክፍያው 100 የካናዳ ዶላር ሲሆን ለአሻራና ለፎቶ 85 ይጨመርበታል። ወራት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ካርዱንና ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ መቅረብ ነው። የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ "ኢ-ቲ-ኤ" የሚባለውን ፈቃድ በኢንተርኔት በ7 ዶላር ታወጣላችሁ።

2. ልብሱ በእጅ ሻንጣ

ከእኔ ተማሩ። ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የሱፍ ካልሲና የውስጥ ሙቀት ልብስ በእጅ ሻንጣ ይግቡ። በታኅሣሥ መጨረሻ ቶሮንቶ ብዙውን ጊዜ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ትዋልላለች። ሲብስባት ከዜሮ በታች 10 ትደርሳለች። የሚያንገበግበው ግን ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚነሳው ንፋስ ነው። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስታዩ "ዊንድ ቺል" የሚለውን ቁጥር እዩ። ሰውነት የሚሰማው እሱን ነው።

አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሦስት ቀጫጭን መደራረብ ይሻላል። ሱቅና ባቡር ውስጥ እንደ አዋሽ ስለሚሞቅ ቶሎ ቶሎ ማውለቅ ይኖራል። የጎደላችሁን እዚያው ግዙ። ጓንትና ኮፍያ "ዶላራማ" የሚባለው ርካሽ ሱቅ አለ። ኮፍያውን "ቱክ" ይሉታል። ጫማ ላይ ግን አትሰስቱ። መንገዱ በረዶ እንዲቀልጥ ጨው ይረጭበታል፤ ስኒከር በአንድ ቀን ነጭ ካርታ ይሠራል።

ስልክም በብርድ ባትሪው ቶሎ ይሞታል። የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት።

3. ከኤርፖርት መውጣት

ፒርሰን ኤርፖርት ተርሚናል 1 ላይ "ዩፒ ኤክስፕረስ" የሚባል ባቡር አለ። በ25 ደቂቃ መሀል ከተማ ዩኒየን ስቴሽን ያደርሳል። ዋጋው 12 ዶላር ገደማ ነው። ታክሲው ብዙ እጥፍ ነው፤ ለብቻ ሲሆኑ ደግሞ የሚያካፍል የለም። ሆቴል ከዩኒየን በእግር አሥር ደቂቃ የማይበልጥ ቦታ ያዙ፤ ትንሽ ቢወደድም ይክሳል።

ለከተማው ባቡርና አውቶቡስ የባንክ ካርድ ማስነካት ይበቃል። አንዴ 3 ዶላር ከ30 ገደማ ከፈላችሁ ለሁለት ሰዓት እየወረዳችሁ እየተሳፈራችሁ መሄድ ነው። ሱቅ ውስጥ የተለጠፈው ዋጋ ግን ሙሉው አይደለም። ካሸሩ ጋ 13 በመቶ ታክስ ይጨመራል።

4. ቀኑን በሙቀት መክፈል

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ጠዋት 1፡50 ገደማ ወጥታ 10፡40 ላይ ትጠልቃለች። ብርሃን የሚፈልገውን ከምሳ በፊትና ወዲያው ከምሳ በኋላ ጨርሱት። መብራት የሚያምርበትን ለማታ ተዉት።

ጠዋት ሰማዩን እዩ። ከጠራ ሲኤን ታወር ውጡ። 553 ሜትር ነው፤ በፈረንጆች 1976 ሲያልቅ በዓለም ላይ ያለ ድጋፍ ገመድ በራሳቸው ከቆሙ ግንባታዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር። 342 ሜትር ላይ የመስታወት ወለል አለ። እኔ ቆሜበት አላውቅም፤ ጠርዙ ላይ ሆኜ ሕፃናት ሲዘሉበት አያለሁ። ደመና ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ የምታዩት ጭጋግ ነው። በምትኩ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ግቡ። ግማሽ ቀን ይበላል፣ ሙቀትም አለው።

ለምሳ ሴንት ሎረንስ ገበያ። ሰኞ ዝግ ነው። ሁሉም ሰው "ፒሚል ቤከን ሳንድዊች ብሉ" ይላችኋል። የአሳማ ሥጋ ነው፤ ሳታውቁ እንዳታዙ። ዓሣና አይብ የሚሸጡትን ዞር ዞር እያላችሁ ማየት ራሱ ጊዜ ያሳልፋል።

ከዚያ "ፓዝ" የሚባለውን አስቡ። ከመሀል ከተማ ሕንፃዎች ሥር የሚሄድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የውስጥ መተላለፊያ ነው። ከዩኒየን ተነስታችሁ ውጭ ሳትወጡ ኢተን ሴንተር የገበያ ማዕከል ትደርሳላችሁ። እዚያ ውስጥ ጂፒኤስ አይረዳም፤ እኔ አንዴ ተሽከርክሬ የተነሳሁበት ቡና ቤት ተመልሻለሁ። ሱቆቹ የሚሠሩት ለቢሮ ሠራተኛ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ አብዛኞቹ ይዘጋሉ።

ሲጨልም ዲስቲለሪ ዲስትሪክት። በፈረንጆች 1832 የተመሠረተው የጉደርሃምና ዎርትስ ውስኪ ፋብሪካ የነበረበት የጡብ ሰፈር ነው። ከፈረንጆች ኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ የገና ገበያ ይሆናል። ሰው በሚበዛባቸው ቀናት ማታ መግቢያው በቲኬት ነው፣ ሰውም ይጋፋል። በአዘቦት ቀን ከመጨለሙ በፊት ገብታችሁ እዚያው መብራቱ ሲበራ መጠበቅ ይሻላል።

ስኬቲንግ መሞከር የፈለገ ናታን ፊሊፕስ አደባባይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ይሂድ። መንሸራተቱ ነፃ ነው፤ ጫማው ይከራያል። ብቻ መሆን እዚህ ጥቅም አለው። ስትወድቁ የሚያውቃችሁ የለም።

5. የ25ኛዋ ቀን

ዲሴምበር 25፣ የፈረንጆች ገና፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ማለት ነው። ሙዚየሙ፣ ታወሩ፣ ገበያው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ። ያልተዘጋጀ ሰው ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ቺፕስ ይበላል። ስለዚህ ከዋዜማው ዳቦ፣ ፍራፍሬና ውኃ ግዙ። ለትኩስ ምግብ ስፓዳይና ላይ ያለው የቻይናዎች ሰፈር አለ፤ ያን ቀንም ብዙዎቹ ይሠራሉ።

ለእኛ ግን ሌላ መላ አለ። ቀኑ የፈረንጆች ገና ቢሆንም እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ገናችን ገና ነው። ከዩኒየን መስመር 1 ይዛችሁ ብሉር-ያንግ ላይ ወደ መስመር 2 ቀይሩና በምሥራቅ አቅጣጫ ግሪንውድ ውረዱ። ከዚያ ወደ ኮክስዌል አቅጣጫ ዳንፎርዝ ላይ በእግር ስትሄዱ የአማርኛ ጽሑፍ ማየት ትጀምራላችሁ። ቼስተር ወይም ፔፕ ላይ ቸኩላችሁ እንዳትወርዱ፤ እሱ የግሪኮች ሰፈር ነው። አስቀድማችሁ ወደ ኢትዮጵያ ምግብ ቤቶቹ ደውላችሁ መክፈታቸውን አረጋግጡ። ከተከፈተ የጾም በየአይነቱ አዙና ቡናው እስኪደርስ ተቀመጡ። ብቻችሁን እንደመጣችሁ ካወቁ ከጎን ያለው ጠረጴዛ "ከየት ነሽ? ማን ዘንድ መጣህ?" ማለቱ አይቀርም። እኔ ያን ቀን አንድ እናት "ገናን ብቻህን?" ብለው ሊያለቅሱልኝ ደረሱ። "እማማ፣ የእኛ ገና እኮ አልደረሰም" ብል አልሰሙኝም፤ ድፎ ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ።

በማግስቱ "ቦክሲንግ ደይ" ነው። ሱቆች በቅናሽ ይከፈታሉ፣ ሰልፍም አለ። ጃኬት ለመግዛት ካሰባችሁ ያኔ ነው።

6. ማታ ለብቻ

መሀል ከተማው ማታም ሰው አለበት። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በከተማው አውቶቡስ ስትሄዱ በሁለት ፌርማታ መካከል እንዲያወርዳችሁ ሾፌሩን መጠየቅ ትችላላችሁ። ለሁሉም መንገደኛ የተፈቀደ አሠራር ነው። አንድ ፌርማታ በበረዶ መራመድ ይቀርላችኋል። የሆቴሉን ስምና አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ባትሪው ሲሞት ታስታውሱኛላችሁ።

7. መውጣት

ቀጣዩ በረራ ወደ አሜሪካ ከሆነ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚታለፈው እዚያው ፒርሰን ውስጥ ነው። በበዓል ሰሞን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። የሰጧችሁን ዳቦ ግን ሰልፉ ላይ ሆናችሁ ጨርሱት ወይም ሲጠይቋችሁ "ምግብ ይዣለሁ" በሉ። ጫማው ላይ የቀረውን ጨው በኮምጣጤና በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠርጉት፤ ይለቃል።