የሐሞት ከረጢት ግድግዳ ወፍሯል ሲባል ብግነቱን ከካንሰር እንዴት መለየት ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት አልትራሳውንድ ተነሥታችሁ «የሐሞት ከረጢት ግድግዳ ወፍሯል፣ ዕጢ ሊሆን ይችላል» የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ፣ ቤት ውስጥ ለቅሶ ከመግባቱ በፊት ይህን እወቁ፦ ካንሰር የሚመስል ግን ካንሰር ያልሆነ ብግነት አለ። ሐኪሞች ዛንቶግራኑሎማተስ ኮሌሲስታይተስ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ከጠጠር ጋር ይመጣል። ሐሞት ወደ ግድግዳው ሰርጎ ይገባል፣ የመከላከያ ሕዋሳት በሐሞቱ ውስጥ ያለውን ስብ እየዋጡ እዚያው ይከማቻሉ፣ ግድግዳውም ይወፍራል።

መጀመሪያ አልትራሳውንዱ በባዶ ሆድ መነሣቱን አረጋግጡ። ከመሐል ሜዳ ከተማ በሌሊት ተነሥቶ መንገድ ላይ ቁርስ የበላ ሰው ከረጢቱ ስለሚኮማተር ግድግዳው ጤነኛ ሆኖም ወፍራም መስሎ ይታያል። ቢያንስ 6 ሰዓት ምግብ ሳትቀምሱ ድገሙት። የግድግዳው ውፍረት እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጤነኛ ነው። የጉበት በሽታና የልብ ድካምም ግድግዳውን ያወፍራሉ፤ ካለባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ጥርጣሬው ካልጠፋ ቀጣዩ ሲቲ ስካን ነው፤ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቅ ፈሳሽ) በደም ሥር ተሰጥቶ መነሣት አለበት። ከዚያ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይደረግ። ዋናው ፍንጭ ያለው እዚህ ፊልም ላይ ነው። የከረጢቱ የውስጥ ሽፋን በኮንትራስቱ ደምቆ እንደ መስመር ይታያል። መስመሩ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ከሄደ ወደ ብግነት ያደላል፤ ከተበጣጠሰ ካንሰር ያሠጋል። በወፈረው ግድግዳ ውስጥ ጠቆር ያሉ እብጠቶች መታየታቸው፣ ውፍረቱም በአንድ ቦታ ሳይወሰን ከረጢቱን ማዳረሱ የብግነቱ ምልክቶች ናቸው። በአንጻሩ አንድ ጎን ብቻ ያበጠ፣ ወደ ጉበት የዘለቀ፣ የሐሞት ቱቦን ያሰፋ፣ ንፍፊት ያሳበጠ ከሆነ ሐሳቡ ወደ ካንሰር ይዞራል። ነገር ግን ብግነቱም አንዳንዴ ጉበትና አንጀት ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ የሚፈርድ የራዲዮሎጂ ሐኪም የለም። «የውስጡ መስመር ተቋርጧል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁንም ካልለየ ኤም አር አይ ይረዳል፤ በግድግዳው ውስጥ የተደባለቀ ስብን ያሳያል። ለዚህ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ የንባቡን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን ፊልም ወይም ሲዲ ያዙ፤ ሐኪሙ ማነጻጸር ያለበት ምስሉን ነው። ሲኤ 19-9 የሚባለው የደም ምርመራ በሁለቱም በሽታዎች ሊጨምር ስለሚችል ብቻውን አያስደነግጣችሁ።

ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን የወፍ በሽታ ነው ብላችሁ ቅጠል ፍለጋ አትሂዱ። ጠጠርም ሆነ ካንሰር የሐሞት ቱቦን ሲዘጋ እንዲህ ያደርጋል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግቡ።

የመጨረሻው ዳኛ ፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣውን አካል በማይክሮስኮፕ መመርመር፣ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ካንሰሩን ሊስተው ይችላል፤ ካንሰር ከሆነም ሊበትነው ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ብዙ ጊዜ አይመረጥም። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ከረጢት ውስጥ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «የወጣው ከረጢት ለፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» ብላችሁ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቁ። ቁስሉ ድኖ ወደ ሥራ ብትመለሱም ተመልሳችሁ ውጤቱን በእጃችሁ ተቀበሉ።