ቻርጀሩን ፈልጎ የሚገባ ሮቦት ስትሠሩ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የሠራውን ሮቦት ታቅፎ ሱቄ መጣ። "ጋሼ፣ ማታ ቻርጀሩ ላይ ትቼው ተኛሁ፤ ጠዋት ባትሪው ሞቶ አገኘሁት" አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። "ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር?" ጠፍቶ ነበር።

ዘንድሮ ይህን ስህተት ሳይ አራተኛዬ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ኮዱን ከፍቼ አየሁት። "ኮንታክቱ ላይ፣ ማለትም ከቻርጀሩ ጋር በሚያነካካኝ ብረት ላይ፣ ቮልቴጅ ከሌለ አልገባሁም ማለት ነው፤ ወጥቼ እንደገና ልሞክር" ይላል። ሮቦቱ ግን በትክክል ገብቶ ቻርጅ እያደረገ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቮልቴጁ ዜሮ ሆነ፤ ሮቦቱም ወጣ። ዞሮ ቻርጀሩን ሲፈልግ፣ ቻርጀሩ ሮቦቱን ለመምራት የሚልከው የኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ምልክትም አብሮ ጠፍቷል። ጨለማ ውስጥ ሲዞር፣ ግድግዳ ሲገጭ አድሮ ባትሪውን ጨረሰ።

እባካችሁ፣ እኛ የምንሠራው ለጅማ ቤት ነው። ዝናቡና ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራት መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ በመጨረሻ የሚለጠፍ ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። "ቦታዬ ደርሻለሁ ወይ?" አንድ ጥያቄ ነው። "ኤሌክትሪክ አለ ወይ?" ሌላ ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጥ ትንሽ ማይክሮ ስዊች ከሮቦቱ ፊት ግጠሙ፤ ሲገባ ይጫናል። ስዊቹ ተጭኖ ቮልቴጅ ከሌለ ሮቦቱ ሞተሩን ያጥፋ፣ ባለበት ይጠብቅ። ምልክት ለሚልከው ክፍል ደግሞ ቻርጀሩ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አኑሩለት። ያኔ ሳሎን መሃል እያለ መብራት ቢጠፋ እንኳ ቤቱን ያገኛል። ምልክቱን ጨርሶ ካጣው ግን ለፍለጋው ገደብ ይኑረው። ጥቂት ደቂቃ ፈልጎ ካላገኘ ይቁም። የሊቲየም ሴል ከ3 ቮልት በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ባትሪ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ማንኛውንም ብርሃን መከተል ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። የአንጎል ተመራማሪው ግሬይ ዋልተር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ውስጥ የሠራቸው "ኤሊዎች" የተባሉ ትንንሽ ሮቦቶች ባትሪያቸው ሲደክም መብራት ወደበራበት ማደሪያቸው ይመለሱ ነበር። ይህን ያነበበ ጀማሪ ተራ የብርሃን ሴንሰር ገዝቶ ይገጥማል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ሮቦቱ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። አንድ በዓል ላይ ደግሞ ሮቦቱ ቡና ወደሚፈላበት ከሰል ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይቻለሁ። የጋለ ከሰል ኢንፍራሬድ ይረጫል፤ ሴንሰሩ ልዩነቱን አያውቅም። አጠገቡ ሕፃን ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይከብደኛል።

መፍትሔው የቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ አለ። ቻርጀሩ ላይ ምልክቱን የሚልከው ትንሽ መብራት፣ ኤልኢዲው፣ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ እንዲበራና እንዲጠፋ አድርጉ፤ ለዚያ ብቻ የተሠራውን ተቀባይ ግጠሙ። ፀሐይና ከሰል እንዲህ አያርገበግቡም። ሆኖም በጣም ኃይለኛ ፀሐይ ተቀባዩን ሊያደነዝዘው ስለሚችል ቻርጀሩን መስኮት ፊት አታኑሩ። ምልክቱንም ያለ እረፍት አትላኩ። አብዛኞቹ ተቀባዮች የማያቋርጥ ምልክትን እንደ ረብሻ ቆጥረው ይዘጉታል። አጭር ላኩ፣ ዝም በሉ፣ እንደገና ላኩ። ኤልኢዲው መሥራቱን ለማየት የስልካችሁን ካሜራ አዙሩበት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል።

አንድ ኤልኢዲም አይበቃም። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይይ፤ የተለያየ ኮድ ይላኩ። ሮቦቱ ሁለቱንም የሚሰማበት ጠባብ መንገድ መሃሉ ነው። እንደ ሩምባ ያሉት፣ ከፋብሪካ ተሠርተው የሚሸጡ ወለል ጠራጊ ሮቦቶችም በዚህ ዓይነት ዘዴ ይገባሉ። ሴራሚክ ወለልና ነጭ ግድግዳ ምልክቱን እንደ መስታወት ስለሚመልሱት ተቀባዩን ጥቁር ቱቦ አልብሱት፤ ኤልኢዲውንም ከሚያስፈልገው በላይ አታብሩት።

ኮንታክቱን በተመለከተ የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሮቦቴ ሁለቱ ኮንታክቶች በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተገናኙ ነበሩ። የብረት በር ሲነካ ሾርት አደረገ፤ ሽቦው ቀለጠ፣ ክፍሉ በጭስ ተሞላ። ዳዮድ አስገቡ፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሮቦቱ ይግባ እንጂ አይውጣ። ቦታው ደግሞ ከቻርጅ መቆጣጠሪያው በፊት ነው። በመቆጣጠሪያውና በባትሪው መካከል ካስገባችሁት ዳዮዱ ቮልቴጅ ስለሚቀንስ ባትሪው መቼም አይሞላም። ቻርጀሩም ሮቦቱ መግባቱን ሳያውቅ ኮንታክቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይላክ። 220 ቮልት ደግሞ ወለል አጠገብ ፈጽሞ አይድረስ።

ኮንታክቶቹን አታጥብቧቸው። በቻርጀሩ በኩል ሰፊ የናስ ሰሌዳ፣ በሮቦቱ በኩል ስፕሪንግ ያለው ፒን ይሁን። ሁለት ሴንቲሜትር ስቶ ቢገባ እንኳ ይነካል። በክረምት እርጥበት ስለሚያጠቁራቸው በየጊዜው ጥረጓቸው።

ቻርጀሩን ግድግዳ ላይ እሰሩት፣ ያለዚያ ሮቦቱ እየገፋ ይወስደዋል።

ባትሪውን ሞተሩ እየዞረ አትለኩ። ሞተር ሲጎትት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሮቦቱም ገና በጠዋቱ "ደከመኝ" ብሎ ይመለሳል። ቆም ብሎ ይለካ።

ጀማሪዎች ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ሞክረው "ሠራ!" ብለው ሲደውሉልኝ ደስታቸው ደስ ይለኛል። ግን ቤት ይዛችሁት ግቡ። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ነው፤ ሴንሰሩ በእግሮቹ መካከል አሻግሮ ያይና "ክፍት ነው" ብሎ ሮቦቱ ይገባል፣ ከዚያ መውጣት ያቅተዋል። ቄጤማ ደግሞ የጎማው ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያስጨንቃል። ሞተሩ ሲያዝ የሚስበው ኤሌክትሪክ ስለሚጨምር እሱን ለኩና ወዲያው ይቁም።

ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት የቻርጀሩን ሶኬት ሦስት ጊዜ ንቀሉ። አንዴ ሮቦቱ ሳሎን መሃል እያለ፣ አንዴ ለመግባት አንድ ክንድ ሲቀረው፣ አንዴ ገብቶ ቻርጅ ሲያደርግ። በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ መልሱት፤ ሮቦቱ የት እንዳለና ባትሪው ስንት ቮልት እንደቀረው ጻፉ። ልጁ አሁን ይህንኑ እየሞከረ ነው። ሁለቱን አልፏል፤ መግቢያው ላይ ያለው አንድ ክንድ ገና አስቸግሮታል።