ፎቶው አልጠፋም፤ የሠርግ ፎቶ ለሚሠሩ የላይትሩም ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር ከጎረቤት ስቱዲዮ የሚመጣ አንድ ምክር አለ፦ «ፎርማት አድርገውና ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫነው።» የሰው ሠርግ ለያዘ ባለሙያ ይህ ምክር አደገኛ ነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማደራጃና ማረሚያ ሶፍትዌር ላይ የሚያጋጥሙን ችግሮች አብዛኞቹ ሶፍትዌሩን እንደገና በመጫን አይፈቱም። ምክንያታቸው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ፋይሉ ቦታ ቀይሯል፣ ዲስኩ ሞልቷል፣ የካሜራው ሰዓት ተዛብቷል፣ ወይም ቀለሙ በተሳሳተ ምርጫ ወጥቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን አይተን ምክንያቱን እንለይ። እጃችንን የምናስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሽሮቹን ዳግመኛ ቬሎና ሱፍ አስለብሰን ማቆም አንችልም።

የምጽፈው ላይትሩም ክላሲክን አስቤ ነው። አንዳንዱ ነገር ፎቶሾፕንም ይመለከታል።

ምልክት፦ ፎቶዎቹ ላይ ቃለ አጋኖ፣ ፎልደሩ ላይ የጥያቄ ምልክት ይታያል

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ትንንሾቹ ምስሎች ይታያሉ፤ ኤዲት ወይም ኤክስፖርት ሊደረጉ ሲሉ ግን «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል።

ላይትሩም ፎቶ አያስቀምጥም። ካታሎግ የምንለው ፋይል መዝገብ ነው። ፎቶው የት ዲስክ፣ የት ፎልደር ውስጥ እንዳለና ምን ምን እንደተደረገበት ብቻ ይጽፋል። ፎቶው ራሱ ያለው እናንተ ያስቀመጣችሁበት ቦታ ነው። ጓደኛችሁ ቤት ቀይሮ እናንተ የድሮውን በር ብታንኳኩ የሚከፍትላችሁ የለም፤ ጓደኛችሁ ግን በሰላም አለ። እዚህም የሆነው እሱ ነው። አንድ ሰው በዊንዶውስ በኩል ገብቶ የፎልደሩን ስም ቀይሯል፣ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሯል፣ ወይም ደግሞ ትናንት «ኢ» የነበረው ኤክስተርናል ሐርድ ዲስክ ዛሬ ፍላሽ ቀድሞት ስለተሰካ «ኤፍ» ሆኗል።

በመጀመሪያ ዲስኩ መሰካቱን አረጋግጡ። ተሰክቶ ፊደሉ ከተቀየረ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ የድሮውን ፊደል መልሱለት። ሁሉም ነገር በራሱ ይስተካከላል። ፎልደሩ ቦታ ወይም ስም ቀይሮ ከሆነ ደግሞ ላይትሩም ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር» በሉት፤ ከዚያ አሁን ያለበትን ቦታ አሳዩት። የጠፋው አንድ ሁለት ፎቶ ብቻ ከሆነ ቃለ አጋኖውን ተጭናችሁ «ሎኬት» በሉ። በአካባቢው ያሉትንም አብሮ እንዲፈልግ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ካደረጋችሁበት ሌሎቹንም ያገኝላችኋል።

ፈጽሞ የማይደረገው ነገር እነዚያን ፎቶዎች ከላይትሩም አጥፍቶ እንደገና ኢምፖርት ማድረግ ነው። ፎቶዎቹ ይመለሳሉ፤ ግን እንደ አዲስ ነው የሚገቡት። ሌሊቱን ሙሉ የሠራችሁት ኤዲት፣ ደንበኛው የመረጣቸው ላይ የሰጣችሁት ኮከብ፣ ሁሉም ይጠፋል። ኤዲቱ በኤክስኤምፒ ፋይል ከፎቶው ጎን እንዲጻፍ ካላዘዛችሁት በቀር ያለው ካታሎጉ ውስጥ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው በርቶ የሚመጣ ምርጫ አይደለም። ካታሎግ ሴቲንግስ ውስጥ ሜታዳታ የሚለው ገጽ ላይ ገብታችሁ አብሩት። ትንሽ ያዘገየው ይሆናል፤ እኔ ግን ይሁን እላለሁ።

ከዚህ በኋላ እንዳይደገም፣ ፎልደር ማዛወርም ሆነ ስም መቀየር ካስፈለገ እዚያው ላይትሩም ውስጥ አድርጉት። ለኤክስተርናል ዲስካችሁም ከመጨረሻዎቹ ፊደሎች አንዱን፣ ለምሳሌ «ፒ»ን፣ በቋሚነት ስጡት። ፍላሽ ቢሰካ ቢነቀል አይነካውም። ዲስኩን ስቱዲዮ ትታችሁ ቤት መሥራት ከፈለጋችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ስማርት ፕሪቪው አስገንቡ። ረጅሙ ጎኑ 2,560 ፒክስል የሆነ ቀላል ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ይቀራል፤ በሱ ኤዲት ታደርጋላችሁ፤ ዲስኩ ሲሰካ ሥራችሁ ዋናው ላይ ያርፋል።

ምልክት፦ የሁለት ካሜራ ፎቶ ቅደም ተከተሉ ተመሰቃቅሏል

ይህ የኛ አገር ችግር ነው። የውጭ መመሪያዎች ላይ አታገኙትም።

አንዱ አንሺ ካሜራውን በፈረንጅ ሰዓት ሞልቷል። ሌላው በሐበሻ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ቤት ስትለብስ የመጀመሪያው ካሜራ 9፡00 ብሎ ይመዘግባል፤ ሁለተኛው 3፡00 ይላል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ኬክ ሲቆረስ ሁለተኛው ካሜራ 9፡00 ይላል። እንግዲህ ላይትሩም በሰዓት ሲደረድራቸው ኬኩ ሙሽራዋ ገና ፀጉሯን እያሠራች ካለችበት ፎቶ ጎን ይቆማል። ሰዎች በእጅ እየጎተቱ ሲደረድሩ ያድራሉ። አያስፈልግም።

ላይብረሪ ውስጥ ከላይ ባለው ማጣሪያ ሜታዳታ የሚለውን ክፈቱና የሁለተኛውን ካሜራ ፎቶዎች ብቻ ለዩ። ሁለቱ ካሜራዎች አንድ ሞዴል ከሆኑ በካሜራው ሲሪያል ቁጥር መለየት ይቻላል። ሁሉንም ምረጡ። ሜታዳታ ከሚለው ሜኑ «ኤዲት ካፕቸር ታይም» ግቡ፤ በሰዓት ብቻ የሚያሻግረውን ምርጫ ይዛችሁ 6 ሰዓት ጨምሩ። አለቀ።

ልዩነቱ በደቂቃም ከሆነ፣ ሁለቱም ካሜራዎች ያነሱት አንድ ቅጽበት ፈልጉ። ቀለበቱ ጣት ውስጥ ሲገባ ከሁሉ ይመቻል። ከመጀመሪያው ካሜራ የዚያን ቅጽበት ሰዓት እስከ ሰከንዱ ጻፉ። ከዚያ የሁለተኛውን ካሜራ ፎቶዎች በሙሉ መርጣችሁ፣ የቀለበቱ ፎቶ ከሁሉም ደምቆ የሚታየው እንዲሆን እሱን ጠቅ አድርጉት፤ ያንኑ ሰዓት ስጡት። ሌሎቹ በዚያው ልክ አብረው ይሄዳሉ። ይህን ሥራ እንደሌላው በኮንትሮል ዜድ መመለስ አይቻልም። ከተሳሳታችሁ እዚያው ሜኑ ላይ ወደ ዋናው ሰዓት የሚመልስ ትእዛዝ አለ።

አመተ ምህረቱም እንዲሁ ነው። ካሜራ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። 2017 ብሎ የሞላ ሰው ፎቶዎቹን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይልካቸዋል፤ ኢምፖርት ሲደረጉ በቀን ፎልደር የሚደረደሩ ከሆነ ደግሞ ማንም የማይከፍተው የ2017 ፎልደር ውስጥ ይገባሉ። «የሁለተኛው ካሜራ ፎቶ አልገባም» ከተባለ መጀመሪያ እዚያ እዩ።

ለመጪው ሠርግ፣ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ካሜራ ሰከንድ የሚያሳይ አንድ የስልክ ሰዓት አንድ ጊዜ ያንሣ። ልዩነቱን ያኔውኑ ታገኙታላችሁ።

ምልክት፦ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ካታሎጉ አልከፈት አለ

ላይትሩም ሲከፈት ካታሎጉ አጠገብ ስሙ በ«ሎክ» የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ይፈጥራል። «ተይዟል» ማለት ነው። በሥርዓት ሲዘጋ ፋይሉን ያጠፋዋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ፋይሉ ይቀርና፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካታሎጉ ሌላ ቦታ የተከፈተ ይመስለዋል።

ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ላይትሩም አለመከፈቱን አረጋግጣችሁ ያን የ«ሎክ» ፋይል አጥፉት። እሱን ብቻ! አጠገቡ ስማቸው በ«ዋል» ወይም በ«ጆርናል» የሚያልቁ ፋይሎች ካሉ እንዳትነኳቸው። ገና ካታሎጉ ውስጥ ያልገባ የመጨረሻ ሥራችሁ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

ካታሎጉ ተበላሽቷል ካለ ራሱ እንዲጠግነው ይጠይቃችኋል። እሺ ከማለታችሁ በፊት የካታሎጉን ፎልደር እንዳለ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ጥገናው ካልሠራ «ባክአፕስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ የቅርቡን ዚፕ ፈትታችሁ ከሱ ቀጥሉ።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ነገር አለ። ላይትሩም ሲዘጋ «ባክአፕ ላድርግ?» የሚለው ካታሎጉን ነው። ፎቶዎቹን አይደለም። አንድም ፎቶ ኮፒ አያደርግም። ይህን ሳያውቁ ተማምነው የሚቀመጡ ብዙ ናቸው። የፎቶው ሁለተኛ ቅጂ የእናንተ ሥራ ነው፤ በሌላ ዲስክ፣ ቢቻል በሌላ ቤት። የካታሎጉ ባክአፕም ከካታሎጉ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ከሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታልና ቦታውን ቀይሩለት። በሳምንት አንዴ የሚለውንም ላይትሩም በተዘጋ ቁጥር በሚለው ተኩት። በዴስክቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከአዲስ ሌንስ በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ።

ምልክት፦ ስክሪን ላይ ያማረው ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ጨለመ፣ ወይም ስልክ ላይ ፈዘዘ

ሁለቱ የተለያየ ምክንያት አላቸው።

ሲታተም የሚጨልመው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪናችሁ ከልክ በላይ ስለደመቀ ነው። ብራይትነሱን ጥግ አድርሰው የሚሠሩ አሉ። ዓይናቸው በቂ ብርሃን ያለ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልሙታል። ለሕትመት ሥራ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ያለው ድምቀት ይመከራል። የስክሪን መለኪያ መሣሪያ ካላችሁ በሱ፣ ከሌላችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ፦ የጠይም ሰው ፊትና ነጭ የሐበሻ ቀሚስ አንድ ላይ ያለበት ፎቶ ምረጡ፤ በምታሳትሙበት ቤት አሳትሙት፤ ወረቀቱን ስክሪኑ አጠገብ ይዛችሁ እስኪመሳሰሉ ብራይትነሱን ቀንሱ። ከዚያ ቁልፉን አትንኩት። የጥበቡ ክር በወረቀቱ ላይ ለይቶ ከታየና ፊቱ ካልጠቆረ ልኩን አግኝታችኋል።

ስልክ ላይ የሚፈዘው፣ ቆዳው አመድ የሚመስለው ደግሞ አዶቤ አርጂቢ ወይም ፕሮፎቶ አርጂቢ በሚባሉት ሰፋፊ የቀለም ክልሎች ኤክስፖርት ስለተደረገ ነው። ብዙ መተግበሪያና የማተሚያ ማሽን የሚጠብቀው ኤስአርጂቢ ነው። ኤክስፖርት መስኮቱ ላይ ከለር ስፔስ የሚለውን ኤስአርጂቢ አድርጉና ፕሪሴት አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጄፔግ የምታነሱ ከሆነ የካሜራው ሜኑም ላይ ይኸው ምርጫ አለ።

ጥራቱ ከወረደ ደግሞ ቴሌግራም ነው። በፎቶ መልክ ሲላክ ያሳንሰዋል። በፋይል መልክ ላኩ፤ እንዳለ ይደርሳል። ለሕትመት የሚሄድ ፎቶ መቼም ቢሆን በፋይል ነው።

ምልክት፦ ፎቶው ሲከፈት አምሮ ታይቶ ወዲያው ይለወጣል

ይህ ብልሽት አይደለም። መጀመሪያ ያያችሁት ካሜራው ራው ፋይሉ (ያልተቀነባበረው ጥሬ ፎቶ) ውስጥ የከተተውን ጄፔግ ነው፤ ቀጥሎ ላይትሩም በራሱ ቀለም ተርጉሞ ያሳያችኋል። የካሜራውን መልክ ከፈለጋችሁ ፕሮፋይል ውስጥ «ካሜራ ማቺንግ» የሚለውን ምረጡ።

ምልክት፦ አልበሙ ላይ የጻፋችሁት አማርኛ ሳጥን ሳጥን ሆነ

ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ የለም። ዩኒኮድን (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩትን የፊደል መለያ ሥርዓት) በማይከተሉት የድሮ ፎንቶች ከጻፋችሁ ደግሞ ሳጥንም አይሆንም፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው የሚወጣው። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሁሉም ይሆናሉ። ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ ካጣችሁት ከአማራጭ ፊቸሮች ውስጥ የኢትዮጵያ ፎንቶችን ጫኑ። ከመላካችሁ በፊት ፎቶሾፕ ላይ ጽሑፉን «ኮንቨርት ቱ ሼፕ» አድርጉት። የሙሽሮቹ ስም ያኔ ቅርጽ ስለሚሆን የትም ቢከፈት አይለወጥም። ሊታረም የሚችለውን ቅጂ ግን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ የስም ስህተት ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጨረሻ ሰዓት ነው።

ምልክት፦ ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል፣ ወይም ፎቶሾፕ «ስክራች ዲስክ ሞልቷል» ይላል

ሲ ድራይቩን እዩ። ሞልቷል። የዲስኩን ከአምስት አንድ እጅ ባዶ አድርጉ። ፎቶሾፕ ጭራሽ ካልተነሣ፣ ሲከፈት ኮንትሮልና ኦልት ይዛችሁ ቆዩ፤ ስክራች ዲስኩን (ፎቶሾፕ ለጊዜያዊ ሥራው የሚጠቀምበትን የዲስክ ቦታ) ወደ ሌላ ድራይቭ እንድትቀይሩ ይጠይቃችኋል። ላይትሩም ላይ ካታሎጉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ኤስኤስዲ ይሁን፤ ኤክስተርናሉ ለፎቶዎቹ ብቻ። የካሜራ ራው ካሹንም (ላይትሩም ለፍጥነት ጊዜያዊ ቅጂ የሚያስቀምጥበትን ቦታ) ወደ 20 ጊጋባይት ከፍ አድርጉት። ስክሪኑ የሚጠቁር ወይም የሚርገበገብ ከሆነ ፐርፎርማንስ ገጽ ላይ ግራፊክስ ፕሮሰሰሩን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ከተስተካከለ የቪዲዮ ካርዱን ድራይቨር ማደስ ነው የቀረው።

ምልክት፦ የአዲሱን ካሜራ ራው አልከፍትም ይላል

ሶፍትዌሩ ከካሜራው በፊት የወጣ ነው። አፕዴት አድርጉት። የማይቻል ከሆነ የአዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር በነፃ ይገኛል፤ ፋይሎቹን ወደ ዲኤንጂ ለውጡና ይከፈታሉ። ዋናዎቹን ግን አታጥፉ።

ምልክት፦ ሜሞሪው «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል

ኖ በሉ። በዚያ ሜሞሪ አንድም ፎቶ አትጨምሩ፤ አዲስ የሚጻፍ ነገር የድሮውን ይሸፍነዋል። አውጥታችሁ በሌላ ካርድ ሪደር ሞክሩ፤ አንዳንድ ጊዜ የተበላሸው ሪደሩ ነው። ካልሆነ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ራውም ጄፔግም ፈልጎ ያወጣል። የሚያወጣቸውን እዚያው ሜሞሪ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡ። የፋይሎቹ ስም ይለወጣል፤ የተነሡበት ሰዓት ግን ፎቶው ውስጥ ስለሚቆይ ላይትሩም በሰዓት ይደረድራቸዋል። ከዚያ በኋላ ያን ሜሞሪ ለሠርግ አትያዙት። ሁለት ሜሞሪ የሚቀበል ካሜራ ካላችሁም ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ አድርጋችሁ ውጡ።