የሪፍ ጨው ከባልዲ ባልዲ ሲለያይ ምን ይደረጋል?

የሪፍ ጨው ማለት ቤቱ አኳሪየም ውስጥ ኮራል (ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ) የሚያሳድግ ሰው ከውሃ ጋር በጥብጦ የባሕር ውሃ የሚሠራበት ነው። ብራንዱ ያው፣ መጠኑም ያው። ያለፈው ባልዲ አልካሊኒቲው (የባይካርቦኔትና የካርቦኔቱ መጠን፣ በዲኬኤች የሚለካው) 8 ነበር፣ አዲሱ 10 ተኩል ያነባል። ኮራል የሚያሳድግ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚረግመው ፋብሪካውን ነው። ፋብሪካ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ግን ብዙውን ጊዜ ጣጣው ያለው እቤት ነው፤ ስለዚህ ፋብሪካው ወረፋውን ይጠብቅ።

ለጀማሪዎች በአጭሩ፦ የሪፍ ጨው የወጥ ጨው አይደለም። ሶዲየም ክሎራይድ ቢበዛበትም ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት አብረው አሉበት። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። የአፍዴራ ጨው አይሆንም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አይሆንም፣ እሱ ለወጥ ይሁን። የተፈጥሮ ባሕር ውሃ ጨዋማነቱ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ) ሲሆን አልካሊኒቲው 7 ዲኬኤች አካባቢ ነው፣ ካልሲየሙ ከ410 እስከ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)፣ ማግኒዥየሙ ደግሞ 1300 ገደማ። የጨው ፋብሪካዎች ከዚህ ከፍ የሚያደርጉት ሆን ብለው ስለሆነ፣ መለያው ላይ የተጻፈውን አንብቡና ከዚያ ጋር አወዳድሩ።

1. መለኪያውን ጠርጥሩ። ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካው መሣሪያ) በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ስለተስተካከለ ብቻ አይታመንም፣ ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ 35 ላይ የሚዋሽ ሞልቷል። ባለ 35 ፒፒቲ ማስተካከያ ፈሳሽ ግዙ። መርፌዋ የምትወዛወዘውን የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር (ሌላውን የጨዋማነት መለኪያ) ግን እኔ እቤቴ አላስገባም፤ አረፋ ሲለጠፍባት ከፍ አድርጋ ታነባለች። ጨዋማነት ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ አብሮ ይሳሳታል፦ በ35 ላይ 8 ዲኬኤች የሚሰጥ ጨው በ33 ላይ 7 ተኩል ነው የሚሰጠው፣ ካልሲየሙም ከ420 ወደ 396 ይወርዳል። ጨው ተበላሸ የሚባለው ግማሹ ይኸው ነው። የቴስት ኪቱንም (አልካሊኒቲና ካልሲየም የምትለኩበትን) የአገልግሎት ቀን እዩ።

2. ውሃው አርኦ/ዲአይ (ማዕድኑ በማጣሪያ የወጣለት) ይሁን፣ ቲዲኤሱም (ውስጡ የሟሟው ነገር ጠቅላላ መጠን) ዜሮ። የቧንቧ ውሃ የራሱን ካልሲየምና ካርቦኔት ይዞ ይመጣል።

3. አሁን ባልዲው ውስጥ ወዳለው የጨው ከረጢት። ዋናው ነገር እዚህ ነው። የጨው ድብልቅ ፍሬው እኩል አይደለም፤ በመኪና ሲንገላታ ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትልልቁ ከላይ ይቀራል። ከላይ የዘገናችሁትና ከባልዲው ሥር የዘገናችሁት አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ ከአየር ላይ ውሃ ይስባሉ። እፍኝ አንስታችሁ ስትጨብጡት እንደ እርጥብ አሸዋ ከያዘ ወይም ድንጋይ የሆነ ጓል ካገኛችሁ እርጥበት ገብቶታል። ያኔ ካልሲየሙ ከባይካርቦኔቱ ጋር እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ይያያዝና የኖራ ድንጋይ (ካልሲየም ካርቦኔት) ይሆናል። ይህ ውሃ ውስጥ ተመልሶ አይሟሟም። ምልክቱ ጨዋማነቱ ሞልቶ አልካሊኒቲው ዝቅ ማለቱ፣ ከመበጥበጫው በርሜል ሥርም ነጭ ዱቄት መቅረቱ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ከረጢቱን ሙሉውን ባንድ ጊዜ መበጥበጥ ነው፤ ሁሉም ከገባ ከላይ ከታች የሚባል ነገር የለም። ግን 20 ኪሎው ከ500 ሊትር በላይ ስለሚሠራ ትንሽ ታንክ (አኳሪየም) ላለው ሰው አይሆንም። እሱ ትንንሽ ከረጢት ይግዛ፣ ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል። ትልቁን ከገዛችሁ ደግሞ ደረቅ ሰፊ ዕቃ ላይ ገልብጡት፣ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ ከሥር እያነሳችሁ በደንብ አገላብጡት፣ ወዲያው አየር በማያስገቡ ዕቃዎች ከፋፍሉት። ባልዲውን ወለል ላይ ማንከባለል ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ እኔን አላሳመነኝም። በኩባያ መስፈርም ይቅር፣ በሚዛን ይሁን፦ ለሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም ጀምሩ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ሪፍራክቶሜትሩ ነው፣ እርጥበትም ይመዝናልና።

4. መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ፓምፑ፣ ከዚያ ጨው ቀስ እየተባለ። ጨው ላይ ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው፣ ያንኑ ኖራ በእጃችሁ ትሠራላችሁ። ስንት ሰዓት ይበጥበጥ ለሚለው መለያውን አንብቡ፤ አንዳንዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት ይላል፣ አንዳንዱ እስከ ነገ ቢቆይ ግድ የለውም።

5. ጥርት ሲልና 25 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለኩ። አዲስ ባልዲ በተከፈተ ቁጥር አልካሊኒቲ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይለካ፣ ከባልዲው የምርት ቁጥር ጋር ይጻፍ።

ቁጥሩ ወጣ ካለ አትደንግጡ፣ አስሉ። የታንኩ አልካሊኒቲ 8፣ የአዲሱ ውሃ 11 ቢሆን ከታንኩ ውሃ 10 በመቶውን ስትቀይሩ ታንኩ 8.3 ነው የሚሆነው፣ ኮራሉም ነገሬ አይለውም። 30 በመቶ ከሆነ 8.9 ይደርሳል፣ እዚህ ላይ ማሰብ ይጀመራል። አንድ ወዳጄ ናይትሬትና ፎስፌቱ (ለኮራል ምግብ የሚሆኑት) ዜሮ በሆነ ታንክ ላይ ግማሹን ውሃ ባለ 12 ዲኬኤች በሆነ ውሃ ቀየረው፤ የአክሮፖራዎቹ (ቅርንጫፍ ያላቸው የኮራል ዓይነቶች) ጫፍ ነጭ ሆኖ ቀረ።

አልካሊኒቲው ካነሰ ማስተካከሉ ቀላል ነው፦ 100 ሊትርን በ1 ዲኬኤች ለማሳደግ 3 ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም! ለብቻው በውሃ አሟሙና ፓምፑ እየሠራ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩት። ከበዛ ግን አሲድ ጨምር የሚላችሁን አትስሙ፤ የታንኩን ውሃ በትንሽ በትንሹ በእሱ እየቀየራችሁ ጨርሱት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ በሌላ ኪትም ተለክቶ፣ ውጤቱ አሁንም መለያው ላይ ከተጻፈው ከራቀ፣ እንግዲህ አሁን ፋብሪካውን መውቀስ ይቻላል። የምርት ቁጥሩን ፎቶ አንሱት፣ ከደረቁ ጨው ትንሽ በታሸገ ማሰሮ አስቀሩ፣ የለካችሁትን ጽፋችሁ ለሻጩ ላኩለት። «ጨዋችሁ መጥፎ ነው» ብሎ ከሚጮህ ደንበኛ ይልቅ የምርት ቁጥርና ናሙና ይዞ ለሚመጣ ቶሎ ይለውጣሉ።