ሮም ላይ የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ታሪክ በእግር እንዴት እንማር?

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የአፍሪካና የአውሮፓን ታሪክ በጉዞ ያስተምራሉ። ኮርስ ባይገኝ እንኳ አራት አምስት ጓደኛሞች ተሰባስባችሁ ራሳችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ለእኛ ደግሞ ሮም ትመቻለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ያዙ። «የኢትዮጵያና የጣሊያን ግንኙነት» ብትሉ ማለቂያ የለውም። «የአክሱም ሐውልት ሮም ለምን ያን ያህል ቆየ?» ብትሉ ግን ጉዞው መስመር ይይዛል።

ከዚያ አንብቡ፤ አንድ በኢትዮጵያዊ የተጻፈ፣ አንድ በጣሊያናዊ የተጻፈ። ሁለቱ የማይስማሙበትን ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ቦታው ድረስ ይዛችሁት የምትሄዱት እሱን ነው።

ሮም ስትደርሱ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀምሩ። ከፊቱ ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት የጣሊያን ጦር የተሰጠ ስም ነው። አጠገቡ የሟቾቹ መታሰቢያ አለ፤ የቆመው ድንጋይ ግን ከጥንታዊት ግብፅ የተወሰደ ነው። አፍሪካን ሊይዙ ሄደው ለሞቱ ወታደሮች የአፍሪካ ሐውልት! እባካችሁ እዚህ አትቸኩሉ። እኛ በድል የምንዘክረው ቀን እዚህ የሐዘን ቀን ነው።

ቀጥሎ በሜትሮ ሄዳችሁ ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ውረዱ። እዚያ ያለው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ መጀመሪያ የታሰበው ለፋሺስቶቹ የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በ1937 ከፊቱ ተተከለ። ጣሊያን የዘረፈችውን ልትመልስ በ1947 የሰላም ውል ብትፈርምም፣ ሐውልቱ አክሱም የገባው በ2005 ነው። ቦታውን ፎቶ አንሱና ሐውልቱ በነበረበት ጊዜ ከተነሳ ፎቶ ጋር አስተያዩት።

ጦርነቱን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1548 እና 1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ሮም ላይ አሳትመዋል። አባ ጎርጎርዮስም ለጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩት በ1649 ሮም ላይ ከተገናኙ በኋላ ነው። አውሮፓዊው ተማሪ፣ ሐበሻው መምህር! ለእኔ የጉዞው ልብ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዝም ብሎ ስለማይገባበት ግን ቀደም ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ካነበባችሁት ጋር አነጻጽሩ።

አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ አክሱምን ጨምሩበት። ሐውልቱ በ2008 እንደገና ቆሟል። የሮሙን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።