ማውንቴን ሳይክል ሊገዙ ነው? የያዙትን ብር ሁሉ ሳይክሉ ላይ አይጨርሱ

ቢያንስ ከመቶ አሥር እጁን ለሄልሜት፣ ለመንፊያና ለትርፍ ከለመዳሪ ይለዩ። ከኋላም ሞላ ያለው ርካሽ ሳይክል አያማልልዎት፤ ይከብዳል፣ መጋጠሚያዎቹም ቶሎ ይላላሉ። በዚያው ዋጋ የፊት ሞላ ብቻ ያለው፣ ጥሩ የዲስክ ፍሬን የተገጠመለት እጅግ ይሻላል።

ያገለገለ ከሆነ ሜትር ይዘው ይሂዱ (የተማሪ ማስመሪያ ያጥራል)። ካቴናውን ወጠር አድርገው ከአንድ ፒን መሃል ይነሱ፤ ቀጥሎ ያለውን አንድ ብለው እስከ 24ኛው ፒን መሃል ይለኩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ከደረሰ አልቋል፣ የኋላውን ጥርስም በልቶት ሊሆን ይችላል። ያኔ ካቴናውን ብቻ ቢቀይሩ አዲሱ በተበላው ጥርስ ላይ እየዘለለ ዳገት ላይ ያስቸግራል። ስለዚህ የሁለቱንም መቀየሪያ ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁና ሻጩ ከጠራው ላይ ያስቀንሱ።